ፀባይ፦ ኤ

ሲስተር ለብዙ ዓመታት በአማኑኤል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ነርስ ሆነው ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። መምህሩ የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ያስተምራል። ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ ሰፈር ናቸው፤ ዕድራቸውም አንድ ነው። ከዕድር ስብሰባ ሲመለሱ መምህሩ ሲስተር ቤት ቡና ሊጠጣ ጎራ አለ።

መምህር፦ ሲስተር፣ አንድ የሙያዎን ነገር ልጠይቅዎት። አሥራ አንደኛ ክፍል የማስተምራት አንዲት ልጅ አለች። ሰሌዳ ላይ ወጥተሽ ሥሪ ስላት እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ጠመኔው ይወድቅባታል። ደብተሯን ሳየው ግን መልሱ ልክ ነው። “ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?” ስላት “የተሳሳትኩ መስሎኝ” ትለኛለች። ዓመቱን ሙሉ የተሳሳተች ይመስላታል። ዐይን አፋር ናት ብዬ ትቻት ነበር፤ አሁን አሁን ግን ነገሩ ሌላ መሰለኝ።

ሲስተር፦ ካርዷ ላይ ፀባይ ምን ሰጣችኋት?

መምህር፦ ፀባይማ ኤ ነው። ከእሷ የበለጠ ጨዋ ከየት ይመጣል!

ሲስተር፦ እሱን ነው የምልህ።

መምህር፦ ምኑን?

ሲስተር፦ ዝም ስላለች ኤ ሰጣችኋት። ቤቷም እንደዚያው ሳይሆን አይቀርም። እንግዳ ሲመጣ ቡናውን አቅርባ ጓዳ የምትገባ፣ ድምጿ የማይሰማ፣ ጎረቤት ለልጁ “እሷን አታይም?” እያለ የሚያሳያት ልጅ ትሆናለች። የምትደበቅበትን ቦታ ሁላችሁም አመስግናችሁላታል። ታዲያ ለምን ትወጣለች? አማኑኤል በነበርኩ ጊዜ ስንቱ ትልቅ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ታሪኩን ሲጀምር “ልጅ ሆኜ በጣም ጨዋ ነበርኩ” ይል እንደነበር ብነግርህ አታምነኝም።

መምህር፦ ኧረ ሲስተር፣ ጨዋነት በሽታ ሆነ እንዴ? እንዲህማ ከሆነ አገሩ በሙሉ ታሟል።

ሲስተር፦ እሱ አልወጣኝም። ትሑት ሰውና ራሱን የናቀ ሰው ከሩቅ ሲታዩ አንድ ናቸው። ሁለቱም ከበሩ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ሁለቱም “እኔ ምን አውቄ” ይላሉ። መለያቸው ምርጫ ነው። ትሑቱ መናገር ሲያስፈልግ ይናገራል። ደሞዙ ቢጎድል ይጠይቃል፣ ምስክር ሁን ቢባል ዳኛ ፊት ይቆማል፣ ሲያመሰግኑት “እግዜር ይስጥልኝ” ብሎ ይቀበላል። ያኛው ግን ሌላ አማራጭ የለውም። ብታመሰግነው እየቀለድክበት ይመስለዋል። ቀልድ አለመሆኑን ሲያውቅ ደግሞ ይብስበታል፤ “እውነተኛ ማንነቴን ያወቀ ቀን ምን ይለኛል” ብሎ እንቅልፍ ያጣል።

መምህር፦ ራሱን የማይጠላ ሰው አለ? እኔ እንኳ ደሞዝ ባለቀ ሰሞን...

ሲስተር፦ የአንድ ሰሞኑማ የሁሉም ነው። ሰው ሲያጣ፣ ሲወድቅ፣ ሲከዳ ራሱን ይረግምና ሲያልፍለት ይረሳዋል። እኔ የምልህ ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ የማይለቀውን ነው። ጥሩ ቀንም ሆነ መጥፎ ቀን ከሥሩ ያው ድምዳሜ አለ፤ “አልረባም” ይላል። ይህ በራሱ የበሽታ ስም የለውም፤ ሐኪም ካርድ ላይ ለብቻው አይጽፈውም። ሆኖም ሥር የሰደደ ድባቴ ምልክቶች ተብለው ከተዘረዘሩት አንዱ እሱ ነው። የቱ የቱን ያመጣል የሚለው ብዙ ያከራክር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ሶዊስሎና ኦርት የተባሉ ተመራማሪዎች ሰዎችን ለረጅም ጊዜ የተከታተሉ 77 ጥናቶችን ሰብስበው አዩ። ድባቴም ሰውን ራሱን ያስንቀዋል፤ ግን ራስን መናቅ ወደ ድባቴ የሚገፋበት ኃይል ከዚያ የበለጠ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ “ፀባይዋ ነው፣ ስታድግ ይለቃታል” ብለህ አትለፈው።

መምህር፦ እሺ፣ ግን አንዳንዴ ቁጥሩም እኮ እውነቱን ይናገራል። የ2014ቱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነበር። በዓመቱ 3.2፣ ከዚያ 5.4። የእኔ ተማሪዎች “አልረባም” ቢሉ ማን ይፈርድባቸዋል? አገሩ በሙሉ በቴሌቪዥን ነግሯቸዋል።

ሲስተር፦ አንተ የሒሳብ ሰው ነህ። ከመቶው ዘጠና ስድስት በላይ የወደቀበት ፈተና ይበልጥ የሚነግርህ ስለ አንዱ ልጅ ነው ወይስ ስለ ትምህርቱ?

መምህር፦ ስለ ትምህርቱ። ስለ እኔም ጭምር።

ሲስተር፦ እንግዲያው ቁጥሩ የተናገረው ሌላ፣ ልጁ የሰማው ሌላ። “ፈተናውን ወድቄያለሁ” እውነት ነው። ያስለቅሳል፣ የወላጅ ፊት ያስፈራል፤ እሱን ማስተባበል ውሸት ነው። “የማልረባ ሰው ነኝ” የሚለው ግን ወረቀቱ ላይ የለም፤ ልጁ ራሱ የጨመረው ነው። የሚገርመው ደግሞ አንዳንዱ ልጅ ወድቆም አይጨምረውም፣ አንዳንዱ አልፎም ይጨምረዋል። ለምን እንደሆነ ለማወቅ ከፈተናው በፊት ወደነበረው መሄድ ነው።

መምህር፦ ወደ ቤት ማለትዎ ነው።

ሲስተር፦ ወደ ቤትም፣ ወደ ትምህርት ቤትም። “ደደብ” እየተባለ ያደገ ልጅ አለ፣ እሱ ግልጽ ነው። ግን ክፉ ቃል ያልሰሙም አሉ። ጥሩ ነገር ስትሠራ ማንም ካላየህ፣ ስታጠፋ ግን ቤቱ ሁሉ ካየህ፣ ያለህ ዋጋ በአለማጥፋት ብቻ እንደሆነ ትማራለህ። እኛ ዘንድ ልጅን ፊት ለፊት ማመስገን ያበላሸዋል ተብሎ ይፈራል። አባትየው ልጁን ይወዳል፤ ውጭ ወጥቶ ለጓደኞቹ አፉን ሞልቶ ያወራለታል፤ ልጁ ግን አንድም ቀን አልሰማም። ስንት ሰው የአባቱን አድናቆት የሚሰማው አባቱ ሞቶ ለለቅሶ የመጣ ሰው ሲነግረው ነው! ሌላው ማወዳደር ነው፤ የእህትህ ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ፣ ውጭ አገር የሄደው የአክስትህ ልጅ።

መምህር፦ ደረጃንስ ለምን ዘለሉት? እኔው ነኝ በየሴሚስተሩ የማወጣው። ስልሳ ልጅ ከአንድ እስከ ስልሳ እደረድራለሁ። ወላጅ ካርድ ሲቀበል ጥያቄው “ምን ተማርክ?” አይደለም፤ “ስንተኛ ወጣህ?” ነው። ሁለተኛ የወጣ ልጅ ካርዱን ይዞ ሲያለቅስ አይቻለሁ።

ሲስተር፦ እንግዲህ የምትወደውን ልንገርህ። ዊልያም ጄምስ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1890 ባሳተመው የሥነ ልቦና መጽሐፍ ይህን ነገር በክፍልፋይ አስቀምጦታል። ሰው ለራሱ የሚሰጠው ግምት፣ የተሳካለት ነገር “ሊሳካልኝ ይገባል” ብሎ ላሰበው ሲካፈል ነው አለ።

መምህር፦ ላዕሉ ስኬት፣ ታህቱ ምኞት። ያማረ ነው! ግምቱን ከፍ ለማድረግ እንግዲህ ላዕሉን መጨመር ወይም ታህቱን መቀነስ።

ሲስተር፦ እሱም ያለው ይህንኑ ነው፤ ምኞትን መተው ምኞትን የማግኘት ያህል ያሳርፋል ባይ ነው። እዚህ ላይ ግን ከሰውየው ጋር አልስማማም።

መምህር፦ እኔም። ታህቱ ዜሮ ከሆነ ክፍልፋዩ ትርጉም የለውም።

ሲስተር፦ እኔ ጋ የሚመጡት ታህታቸውን ዜሮ ያደረጉት ነበሩ። ሥራ ሲወጣ አያመለክቱም። የወደዱትን ሰው አያናግሩም። ትምህርት ጀምረው ፈተናው ሲቃረብ ያቋርጣሉ። ምንም አልጠየቁምና ማንም “አይሆንም” አላላቸውም፤ ግን በዚህ አላረፉም። ሌሎቹ ደግሞ ታህታቸው ማለቂያ የለውም። ዲግሪውን ይይዛል፣ ቢሮ ይሰጠዋል፣ ከዚያ በየቀኑ “ዛሬ ይነቁብኛል” ብሎ ይገባል። ክላንስና አይምስ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያት እ.ኤ.አ. በ1978 ስለዚህ ሲጽፉ ያነጋገሯቸው ሴቶች በትምህርትና በሥራ የታወቁ ነበሩ፤ ያም ሆኖ ሰውን ሁሉ ያታለሉ ይመስላቸው ነበር። ላዕሉን ብትጨምርላቸው ታህቱ አብሮ ይጨምራል።

መምህር፦ ታዲያ ድምዳሜው ልጅ ሳሉ የተፈጠረ ከሆነ፣ ትልቅ ሰው ሆነው ለምን አያርሙትም? በየቀኑ ተቃራኒ ማስረጃ እያዩ? የእኔዋ ልጅ እኮ መልሱ ልክ መሆኑን በዐይኗ ታያለች።

ሲስተር፦ የነገሩ ቁልፍ ይኸው ነው፣ መምህር። ሜላኒ ፌኔል የምትባል ኦክስፎርድ የሠራች እንግሊዛዊት ሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመችው መጽሐፍ በደንብ አስረድታዋለች። ሥሩ ላይ ድምዳሜው አለ፤ “አልረባም”። ሰው ከዚህ ጋር እንዴት ይኑር? መተዳደሪያ ሕግ ያወጣል። “ካልተናገርኩ አያውቁብኝም።” “ሦስት ጊዜ ካልፈተሽኩ ይሳሳትብኛል።” “ሁሉን እሺ ካላልኩ ይጠሉኛል።” ሕጉን እስካከበረ ድረስ ደህና ይውላል፤ ሕጉ የሚጣስበት ቀን ሲመጣ፣ ሰሌዳ ላይ ውጪ ሲባል፣ ሽብር ነው። ከዚያ ይሸሻል ወይም ይጠነቀቃል። ያ ጥንቃቄ ነው ድምዳሜውን የሚመግበው።

መምህር፦ እንዴት?

ሲስተር፦ ክታብ ያንጠለጠለ ሰው ዓመቱን በሰላም ሲጨርስ ምስጋናው ለማን ነው?

መምህር፦ ለክታቡ።

ሲስተር፦ ባይኖረውም ሰላም ይውል እንደነበር በምን ያውቃል? አውልቆ አያውቅማ! ዝም ያለ ሰው ስብሰባው በሰላም ሲያልቅ “ዝም በማለቴ ተረፍኩ” ይላል። ሦስት ጊዜ የፈተሸ “በመፈተሼ ተረፍኩ” ይላል። ልጅቷ ልክ የሆነውን መልስ ስታይ “ልክ ነኝ” አትልም፤ “ዛሬ ተረፍኩ” ነው የምትለው። ማስረጃው ይመጣል፣ ግን ለሌላ ይቆጠራል። ሥር የሰደደ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ያለፈው ጊዜ ስለበረታ ሳይሆን፣ የዛሬው ጥንቃቄ ያለፈውን እንዳይፈተሽ ስለሚጠብቀው። እኛ አገር ደግሞ ጥንቃቄው ሁሉ ጥሩ ስም አለው። ዝምታው ጨዋነት ነው፣ ሁሉን እሺ ማለቱ ታዛዥነት፣ ራስን መርሳቱ ደግነት። ፈረንጅ አገር ቢሆን ቢያንስ አንዱ “ምን ሆነሻል?” ይላታል። እዚህ ፀባይ ኤ ትሰጧታላችሁ።

መምህር፦ እሱን አነሱብኝ እኮ! ግን እኔ የምፈራው ሌላውን ጫፍ ነው። ልጅን በየሰዓቱ “ጎበዝ፣ ጎበዝ፣ ልዩ ነህ” እያሉ ማሳደግ። የፈረንጅ ነገር።

ሲስተር፦ ፈረንጆቹም ከስረውበታል። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1986 ጆን ቫስኮንሴሎስ በሚባል የምክር ቤት አባል ግፊት ለዚሁ ጉዳይ ግብረ ኃይል አቋቋመች፤ በመንግሥት በጀት! ሰው ለራሱ ያለውን ግምት ከፍ ብናደርግ ወንጀሉም፣ ዕፁም፣ የልጃገረዶች እርግዝናውም ይቀንሳል ተባለ። ሪፖርቱ እ.ኤ.አ. በ1990 ወጣ፤ ነገሩ በየትምህርት ቤቱ ተዛመተ። እ.ኤ.አ. በ2003 ሮይ ባውማይስተርና ባልደረቦቹ የተሰበሰበውን ጥናት ሁሉ ሲመረምሩ፣ ከፍ ያለ ግምት ጥሩ ውጤት እንደሚያመጣ የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ አላገኙም። ይልቅ ጥሩ ውጤት ነው ግምቱን ከፍ የሚያደርገው። ከደስታ ጋር ያለው ዝምድና ግን ጠንካራ ነበር፤ ስለዚህ ጉዳዩ ከንቱ ነው ማለት አይደለም።

መምህር፦ በየጠዋቱ መስታወት ፊት ቆመው “እኔ እችላለሁ፣ እኔ ድንቅ ነኝ” የሚሉትስ? ፌስቡክ ሞልቶታል። አዳራሽ ተከራይተው ትኬት የሚሸጡም አሉ።

ሲስተር፦ ትኬቱን የሚገዛው ማን መሰለህ? የሚያስፈልገው ሰው። እሱን ነው የሚጎዳው። ጆአን ውድ የምትባል ካናዳ ውስጥ ታስተምር የነበረች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባልደረቦቿን ይዛ ይህንኑ ሞከረችው። ሰዎች “ልወደድ የሚገባኝ ሰው ነኝ” የሚል ዐረፍተ ነገር በደወል ድምፅ ደጋግመው ለራሳቸው እንዲሉ አደረገች። ለራሳቸው ከፍ ያለ ግምት የነበራቸው ትንሽ ደስ አላቸው። ዝቅ ያለ ግምት የነበራቸው ግን ዐረፍተ ነገሩን ካላሉት ይልቅ ከፋቸው። የማታምነውን ነገር ጮክ ብለህ ስትናገር ከውስጥ መልስ ይመጣል፤ “ውሸትህን ነው” የሚል።

መምህር፦ ታዲያ ልጅቷን ላመስግናት ወይስ አላመስግናት?

ሲስተር፦ እሷን አታመስግን፤ የሠራችውን ንገራት። “ጎበዝ ነሽ” ስትላት መልስ አላት፤ “አያውቀኝም” ትላለች። “ሦስተኛው መስመር ላይ ቁጥሩን ስታሻግሪ ምልክቱን ቀየርሽው፤ ልክ ነሽ” ብትላት ግን ምን ትልሃለች? ደብተሩ ላይ አለ። ሰሌዳ ላይ በግድ እንዳታወጣት፤ ሰው ፊት ከተዋረደች ድምዳሜው ማኅተም ይመታበታል።

መምህር፦ በዚህ ብቻ ይድናል?

ሲስተር፦ አይድንም። እሷ ራሷ መፈተን አለባት። አምስት ጥያቄ ስትሰጣት፣ ከማረምህ በፊት ስንቱን ልክ እንደሠራች ታስብ ይሆን? ወረቀቱ ጥግ ላይ ትጻፈው። አንድ ትላለች። ታርመዋለህ፤ አራት ይሆናል። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ይቀመጡ።

መምህር፦ ይህ እኮ መላምት መፈተሽ ነው! ግን “ጥያቄው ቀላል ስለነበረ ነው” ትለኛለች። አውቃታለሁ።

ሲስተር፦ ልክ ነህ፣ ትላለች። ስለዚህ ከማረምህ በፊት እሱንም ጠይቃት፤ “ጥያቄዎቹ ቀላል ናቸው ወይስ ከባድ?” ይጻፍ። ከታረመ በኋላ ቀላል ማድረግ አይቻልም። ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ ደግሞ ጥንቃቄውን ትቀንሳለህ። ሦስት ጊዜ የምትፈትሽ ከሆነ አንድ ጊዜ ብቻ ፈትሻ ትስጥህ። ከዚያ ለአንድ ጓደኛዋ ታስረዳ፣ ከዚያ ለሦስት። ሰሌዳው በራሱ ጊዜ ይመጣል። አንዳንዱ ቀን ትሳሳታለች፤ እሱም ያስፈልጋል። ተሳስታ ሰማይ አለመደፋቱን ማየት አለባት።

መምህር፦ ስትሳሳት ራሷን መስደቧ ነው የሚያስፈራኝ። “እኔ ድሮም” ትላለች።

ሲስተር፦ እሱ ላይ ክሪስቲን ኔፍ የምትባል አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ብዙ ሠርታለች። ለሌላ ሰው የምታሳየውን ርኅራኄ ለራስህም ማሳየት ነው ነገሩ። ጥሩ ነው፣ ይረዳል። የእኔን ግምት ብትጠይቀኝ ግን ለብቻው አይበቃም። ራሱን ማባበል የተማረ፣ ግን አሁንም ከበሩ አጠገብ የማይነሳ ሰው ብዙ አይቻለሁ።

መምህር፦ አንድ ነገር ግን አልተዋጠልኝም። ሁሉንም ነገር እኛ ጭንቅላት ውስጥ አደረጉት። ቤቷ ውስጥ በእውነት የሚንቋት ከሆነስ? ባሏ በየቀኑ የሚሰድባት ሴት “ድምዳሜሽን ፈትሺ” ስትባል...

ሲስተር፦ እውነትህን ነው፤ እንደዚያ የሚል ባለሙያ ካለ ስህተተኛው እሱ ነው። ማርክ ሊሪ የሚባል ሰው እንደሚለው፣ ለራስ የምንሰጠው ግምት ሰዎች ምን ያህል እንደተቀበሉን የምናውቅበት መለኪያ ነው። ስድብ በሚዘንብበት ቤት መለኪያው ዝቅ ቢል በትክክል እየሠራ ነው። መጀመሪያ ስድቡ ይቁም፣ ወይም ሴትዮዋ ከስድቡ ትራቅ፤ ሌላው ከዚያ በኋላ። የሚያስቸግረው ግን ሌላ ነው። ዊልያም ስዋን የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1992 ከባልደረቦቹ ጋር ባለትዳሮችን ሲያጠና፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው የሚያዩ ሰዎች ዝቅ አድርጎ ከሚያያቸው የትዳር ጓደኛ ጋር ይበልጥ ጸንተው አገኛቸው። የሚንቃቸው ሰው እውነተኛ ይመስላቸዋል፤ የሚያከብራቸውን ይጠረጥሩታል። “ለምን አትተወውም?” ብሎ መፍረድ ለዚህ ነው የማይጠቅመው።

መምህር፦ ሐኪም ዘንድ መሄድ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ሲስተር፦ እንቅልፍና ምግብ ሲያጣ፣ ይወደው የነበረው ሁሉ ሲያስጠላው፣ ሳምንታት ሲያልፉ። “መኖር ታከተኝ፣ ብሞት ይሻላል” የሚል ቃል ከወጣ ደግሞ ሳምንት አትጠብቅ፤ የዚያኑ ቀን ሐኪም ቤት። አማኑኤል ድረስ መሄድ የለበትም፤ በየክልሉ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና የሚሰጥ ባለሙያ አለ። ጸበልም ይሂድ፣ ጸሎትም ያድርግ፤ እኔ ሁለቱን አንድ ላይ ያስኬዱ ብዙ ቤተሰቦች አውቃለሁ። ግን ብቻውን አይተው። ሁለተኛውን ቡና ላቅርብልህ... አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅህ።

መምህር፦ ይጠይቁ።

ሲስተር፦ ዛሬ ገንዘብ ያዡ የሩብ ዓመቱን ሒሳብ ሲያነቡ ድምሩ ላይ ስህተት እንዳለ አየህ። ስብሰባው ላይ ዝም አልክ። መንገድ ላይ ለእኔ በሹክሹክታ ነገርከኝ።

መምህር፦ እሱማ... አዛውንት ናቸው እኮ ሲስተር። ሰው ፊት እንዴት ብዬ? ይሉኝታ አለ።

ሲስተር፦ ጸሐፊ ሁን ሲሉህስ? “ጊዜ የለኝም” አልክ። ቅዳሜ ከሰዓት ደጅህ ተቀምጠህ ፀሐይ ስትሞቅ አይሃለሁ።

መምህር፦ እዚህ ዕድር ውስጥ ከእኔ የተሻለ ስንት ሰው አለ።

ሲስተር፦ ሒሳብ የሚደምር?

መምህር፦ አሁን ልጅቷን ትተው እኔን ሊያክሙኝ ነው?

ሲስተር፦ ማከምስ አይደለም። ቅድም መለያው ምርጫ ነው ብዬሃለሁ። መናገር ፈልገህ፣ ትክክል መሆኑን አስበህ፣ ለአዛውንቱ ብለህ ከተውከው ጨዋነት ነው። መናገር አቅቶህ ከሆነ ሌላ ነው። የቱ እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ አንተ ታውቃለህ።

መምህር፦ ...ልናገር ብዬ ተነሥቼ ነበር። ምናልባት እኔ ነኝ የተሳሳትኩት ብዬ ተቀመጥኩ። ልብ ብለው ሳያዩኝ አይቀሩም።

ሲስተር፦ አይቻለሁ።

መምህር፦ አርባ ዓመት ካለፈ በኋላ ሰው ይለወጣል ብለው ነው?

ሲስተር፦ እ.ኤ.አ. በ2018 ኦርትና ባልደረቦቹ የብዙ አገር ጥናቶችን ሰብስበው ባዩት መሠረት፣ ሰው ለራሱ ያለው ግምት እስከ ስድሳ ዓመቱ ድረስ ከፍ እያለ ይሄዳል፤ መቀነስ የሚጀምረው ከሰባ በኋላ ነው። እኔ ነኝ እንግዲህ ልወርድ የተቃረብኩት፤ አንተ ገና ነህ። የሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ስህተቱን ትናገራለህ።

መምህር፦ ገንዘብ ያዡ ሌባ ያልኳቸው መስሏቸው ቢቀየሙስ? አስቀድሜ ቤታቸው ሄጄ ለብቻቸው ብነግራቸው? ወይስ እሱም ሽሽት ይባላል?

ሲስተር፦ እሱ ሽሽት አይደለም፤ የሰውየውን ክብር መጠበቅ ነው። ንገራቸው። ግን ስብሰባው ላይም “አብረን አይተን አስተካክለነዋል” የምትለው አንተ ነህ፤ እሳቸው ሲናገሩልህ አንተ ጥግ እንዳትቀመጥ። አሁን እስክሪብቶ አውጣ። ስትነግራቸው ይቆጣሉ ብለህ ታስባለህ?

መምህር፦ ይቆጣሉ።

ሲስተር፦ ከመቶ ስንት?

መምህር፦ ሰማንያ።

ሲስተር፦ ጻፈው። ቢቆጡስ ምን ይመጣል?

መምህር፦ ስሜ ይጠፋል። ሰፈሩ “ትናንት የመጣ መምህር አዛውንት አዋረደ” ይላል።

ሲስተር፦ ስምህ መጥፋቱን በምን እናውቃለን? ስንት ሰው ሰላምታ ሲነፍግህ ነው?

መምህር፦ ...ሦስት።

ሲስተር፦ እሱንም ጻፈው፤ ሦስት ሰው። ከስብሰባው በኋላ ባለው ሳምንት ቆጥረህ ትነግረኛለህ።

መምህር፦ እሺ። ግን ከመሄዴ በፊት ድምሩን አንዴ ልፈትሸው፤ ወረቀቱን በስልኬ ፎቶ አንሥቼዋለሁ።

ሲስተር፦ እስካሁን ስንት ጊዜ ፈትሸኸዋል?

መምህር፦ ሦስት ጊዜ።

ሲስተር፦ አራተኛውን ተወው።